የአባቴ ሱቅ ስም

ባለፈው ሰሞን የልጅ ልጄ ሳምራዊት “ፒያሳ ማኪያቶ ልጋብዝሽ” ብላ ይዛኝ ወጣች። ጀርመንኛ እየተማረች ነው፤ ነርስ ሆነው ወደዚያ ለመሄድ ወረፋ ከሚጠብቁት ልጆች አንዷ ናት። ፒያሳ ስንል ግን እኔና እሷ የምናስበው አንድ ቦታ አይደለም። ለእሷ ፒያሳ ማለት ሰፊ መንገድ፣ አዲስ ንጣፍ፣ ሲመሽ ቦግ የሚል መብራት ነው። እኔ ከጊዮርጊስ ቁልቁል ስወርድ እግሬ የሌለ ደረጃ ይፈልጋል፤ ትከሻዬ የፈረሰ ግድግዳ እንዳይነካ ይሸሻል። ከአባቴ ሱቅ የቀረ ነገር የለም፤ ቦታውን እንኳ በግምት ነው የማውቀው።

ካፌው ውስጥ ተቀምጠን ሳምራዊት የስኳሩን ወረቀት እየቀደደች፣ “እማማ፣ ዛሬ የተማርነውን ብነግርሽ ትስቂያለሽ” አለችኝ። “ጊፍት በእንግሊዝኛ ስጦታ አይደል? በጀርመንኛ ደግሞ መርዝ ማለት ነው። አስተማሪያችን ስትነግረን ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ።”

እሷ አሁንም እየሳቀች ነበር። እኔ ብርጭቆዬን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። ፊቴ ጋለ። በዚህ ዕድሜ የሰው ፊት ይግላል ብዬ አላስብም ነበር።

“አውቃለሁ” አልኳት።

“ከየት አወቅሽ?”

መልስ ከመስጠቴ በፊት ስልኳ ጠራና ተነሥታ ወጣች። ብቻዬን ስቀር አባቴ መጣብኝ፤ ግራጫ ባርኔጣውን ትንሽ ወደ ቀኝ አዘንብሎ፣ ካፖርቱን እስከ አንገቱ ቆልፎ፣ ከሱቁ በር ላይ ቆሞ ፎቶ ሲነሣ።

ጊዜው መቼ ነው ብትሉኝ ዓመቱን አልጠራም። ማኪያቶ በሃያ አምስት ሳንቲም የሚጠጣበት፣ በስሙኒ ሚልፎሊ የሚባለው ኬክ ተበልቶ ከንፈር ላይ የቀረው ስኳር እስከ ቤት የሚላስበት ጊዜ ነው። ሴቱ ከጉልበቱ ከፍ ያለ ቀሚስና ታኮ ጫማ፣ ወንዱ ታቹ እንደ ደወል የሰፋ ሱሪ ይለብስ ነበር፤ አፍሮውን ያላበጠረ ጎረምሳ በወርቅ ቤቶቹ በኩል ማለፍ ያፍር ነበር። ሙዚቃ ቤቶቹ ድምፅ ማጉያቸውን ወደ መንገዱ አዙረው አንዱ ሲጨርስ ሌላው ይቀበላል፤ ከላይ እስከ ታች የሚሄድ ሰው አንድ ዘፈን ከመግቢያው እስከ ማብቂያው ሰምቶ አያውቅም፣ የሁሉንም እኩሌታ ያውቃል። ቅዳሜ ከሰዓት የሲኒማው በር ላይ የሚሰለፈው ሰው ሽቶና የፀጉር ቅባት አሁንም አልፎ አልፎ አፍንጫዬ ውስጥ ይመጣል። ዛሬ እንደዚያ የሚሸት ነገር የት ይገኛል፤ ሁሉም ነገር የታሸገ ነው።

አባቴ አቶ ወልዴ ይባላል። ከጉራጌ አገር በልጅነቱ መጥቶ፣ ጨርቅ በትከሻው ተሸክሞ ሲሸጥ ኖሮ፣ በኋላ ከፒያሳ ትንሽ ወረድ ብሎ ቸርችል ጎዳና ላይ ሱቅ የከፈተ ሰው ነው። የብር መስቀል፣ የሐረር ስፌት፣ የሰጎን እንቁላል፣ ክራርና ከበሮ፣ የቆዳ ትራስ ይሸጣል። ገዢዎቹ ፈረንጆች ናቸው። ሱቁ ሲከፈት የተማረ ዘመዳችንን ጠርቶ፣ “ፈረንጅ ስጦታን ምን ይለዋል?” ብሎ ጠየቀው። “ጊፍት” አለው። አባቴ ቃሉን ወደደው። አጭር ነው፤ አፍ አይሞላም፤ የሚሸጠውንም በትክክል ይናገራል። ቢጫ ቆርቆሮ ላይ በአረንጓዴ ቀለም፣ ከላይ በአማርኛ፣ ከታች በእንግሊዝኛ ፊደል ትልቅ አድርጎ አስጻፈ። የእንግሊዝኛ ፊደል ባይቆጥርም አራቱን ፊደላት ግን ተምሯቸው፣ ገበያ ሲቀዘቅዝ ባንኮኒው ላይ በጣቱ ይጽፋቸው ነበር። እኔ አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ ሱቁ ውስጥ እሠራ ስለነበር አየዋለሁ። ጽፎ ሲጨርስ በመዳፉ ይጠርገዋል፤ የሚጠረግ ነገር ሳይኖር።

ፈረንጆቹን በብዛት የሚያመጣልን አሰፋ የሚባል አስጎብኚ ነበር። አሴ ነው የምንለው። ቡናማ የቆዳ ጃኬቱን በጋ ከክረምት አያወልቅም፤ ትምህርት ቤት ብዙ ባይቆይም ጀርመንኛውን ከራሳቸው ከጀርመኖቹ እየለቀመ እንደ ውኃ ይጠጣው ነበር። ምላሱ የአራዳ ነው። እሱ ያወጣለት ስም ከሰው ላይ አይወርድም፤ እናት ያወጣችው ይረሳል እንጂ። እንግዶቹን አሰልፎ ሲመጣ ቀና ብለው ታፔላችንን ያያሉ፤ እርስ በርስ ይጠቋቆማሉ፤ ሳቅ ይፈነዳል። ከዚያ ካሜራቸውን ያወጣሉ። አባቴ ታፔላው አምሮባቸው ነው ብሎ ያምን ነበር። ባርኔጣውን አስተካክሎ ይወጣና ከታፔላው ሥር ይቆማል፤ እነሱ ሲስቁ እሱም ይስቃል። አንዳንዴ እኔንም “ነይ ዘኔ፣ አብረሽ ቁሚ” ይለኛል። ቆሜያለሁ። በጀርመን አገር በስንት ቤት አልበም ውስጥ እኔና አባቴ ከዚያ ታፔላ ሥር ጥርሳችንን አሳይተን እንዳለን አላውቅም።

በዚያው ሰሞን ሰፈሩ አባቴን “መርዜ” ይለው ጀመር። ከካፌው ደጃፍ፣ ከወርቅ ቤቶቹ ደረጃ፣ “መርዜ እንዴት አደርክ” ይሉታል። አባቴ ባርኔጣውን ብድግ አድርጎ ይመልሳል። በአራዳ አፍ መርዝ ማለት ብልጥ፣ ነገር የማያመልጠው ሰው ማለትም ነው። እናቴ አንድ ቀን “ምን የሚሉት ስም ነው ደግሞ?” ብትለው፣ “በንግድ መርዝ ነህ ማለታቸው ነው፤ የአራዳ ልጅ ሲያከብር እንዲህ ነው” አላት። እኔም ያው መሰለኝ። እንዲያውም ኮርቼበት ነበር።

ጌታቸው የሚባለውን ወጣት ያወቅኩት ሱቃችን ውስጥ ነው። ቸርችል ላይ ካለ የኢንሹራንስ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነበር። ቀጭን ከረባት፣ ግራጫ ሱፍ፣ የተወለወለ ጫማ። መጀመሪያ ለአለቃው ስጦታ ብሎ የቆዳ ትራስ ገዛ። በሌላ ሳምንት ሌላ ትራስ። አባቴ “ይህ ልጅ አለቃው ወንበር የለውም እንዴ?” አለኝ። ከዚያ ቅዳሜ ከሰዓት ሲኒማ፣ ከሲኒማ በኋላ ኬክ ቤት፣ እስከ ጊዮርጊስ አጥር በእግር። እጄን የሚይዘው ሰው በሌለበት ብቻ ነበር። ሽማግሌ ሲልክ አባቴ እንደ ወጉ “እንመካከርበት” ብሎ ቀጠሮ ሰጥቶ፣ በቀጠሮው እሺ አለ። እናቱ ወይዘሮ አስካለ አምስት ኪሎ ነው የሚኖሩት፤ አባቱ ቀደም ብለው ሞተዋል። ከሠርጉ በፊት ሁለቱ ቤተሰብ እንዲተዋወቅ እሑድ ምሳ እኛ ቤት ተጠራ።

እናቴ ያን ቀን የሠራችውን ምግብ አሁንም ብቆጥረው አይጠፋኝም፤ ክትፎው፣ ቆጮው፣ አይቡ፣ ጎመኑ፣ ለጌታቸው እናት ደግሞ ክትፎ ባይወዱ ተብሎ ዶሮ። ወይዘሮ አስካለ ጥልፍ ቀሚስ ለብሰው፣ ነጭ ጋቢ ደርበው ከጌታቸውና ከእህታቸው ጋር ገቡ። ትሑትና ዝምተኛ ሴት ናቸው። እናቴ ጠጁን ስትቀዳ እንደ ልማዱ በመዳፏ ጠብ አድርጋ ቀመሰችና አቀረበችላቸው። አመስግነው ተቀበሉ፤ አልጠጡም። ዶሮው ሲቀርብ፣ “እህቴ፣ ከዚህም ይቅመሱልኝ” አሉ በለሰለሰ ድምፅ። እናቴ ፈገግ ብላ ቀመሰች። ክትፎው ሲቀርብ፣ “ከዚህም።” ቀመሰች። አይቡ ሲመጣ እናቴ ሳትጠየቅ ቀመሰች፤ ፈገግታዋ ግን ፊቷ ላይ ደርቆ ቀርቶ ነበር። አባቴ ነገሩ የገባው አልመሰለኝም፤ “የድሮ ሰው ወግ አያልቅበትም” ብሎ ሳቀ። ብቻውን ነው የሳቀው። ጌታቸው ጫማውን እያየ ነበር።

ከዚያ ወይዘሮ አስካለ እኔን ጠሩኝ። “ነይ እስቲ ልጄ፣ አጠገቤ ተቀመጪ።” ተቀመጥኩ። የራሳቸውን ሳህን ወደኔ ገፋ አደረጉልኝ። “ከዚህ ጉረሺልኝ።” ሰው ሁሉ መብላቱን ተወ። ጎረስኩ። የጎረስኩት አልዋጥ ብሎኝ ብዙ አኘኩት። እሳቸው አፌን ሳይሆን ጉሮሮዬን ነበር የሚያዩት፤ ሲወርድ ለማየት። ከዋጥኩ በኋላ ትንሽ ቆጮ ቆርሰው ወደ አፋቸው አደረሱ። አክስቴ ከማዶ ተቀምጣ አይታ ኖሮ፣ እንግዶቹ ሲሄዱ፣ “ያችንም ከአፋቸው መልሰው በመሐረባቸው ነው የተቀበሏት” አለችን። እናቴ ሳህኖቹን ስትሰበስብ አላለቀሰችም። የወይዘሮ አስካለን ሳህን ብቻ ለብቻው አጠበችው።

በማግሥቱ ጌታቸው ከሥራ ወጥቶ ሰባ ደረጃ ላይ ጠበቀኝ። ሰላም ሳይለኝ፣ “አባትሽን ሰው ምን ብሎ ነው የሚጠራቸው?” አለኝ።

“መርዜ።”

“ለምን?”

“በንግድ ብልህ ስለሆነ።”

ደረጃው ላይ ተቀመጠ። “ዘኔ፣ ሱቃችሁ ላይ የተጻፈው በጀርመንኛ መርዝ ማለት ነው። ፒያሳ የሚያውቀው ሁሉ እዚያ ላይ ነው የሚስቀው። እናቴ ስለ ቤተሰባችሁ ስታስጠይቅ፣ ‘መርዜ የሚባሉት ናቸው፣ በራቸው ላይም ጽፈውታል’ ብለው ነገሯት። አባቴ ሆዱን አሞት በሦስት ቀን ነው የሞተው። አበሉት ብላ ነው እስከ ዛሬ የምታምነው። እንደማይሆን ነግሬያታለሁ። እሷ ግን መርዝ የሚለውን ስም ከሰማች ወዲህ እንቅልፍ የላትም።”

ሰዎች እየወጡና እየወረዱ አለፉን። እኔ አንዳቸውንም ቀና ብዬ ማየት አልቻልኩም። እያንዳንዱ የሚያውቅ መሰለኝ። እውነትም ያውቁ ነበር።

እርግጡን ማወቅ ፈለግኩ። ከጊዮርጊስ ጀርባ ፒያኖ የሚያስተምሩ ፍራው ኤልዛ የሚባሉ ጀርመናዊት ደንበኛ ነበሩን፤ አሮጌ ብር ይሰበስባሉ። አማርኛቸው ሁሉንም ሰው በሴት ጾታ ነው የሚጠራው፤ አባቴንም “ወልዴ፣ ደህና ነሽ?” ይሉታል። በዚያው ቀን ቤታቸው ሄድኩና በሩን ሲከፍቱልኝ፣ “ጊፍት በእናንተ አገር መርዝ ነው?” አልኳቸው። ሴትዮዋ አንገታቸው ድረስ ቀሉ። ወንበር ሰጡኝ። እሳቸው ግን ሳይቀመጡ ቆዩ።

“አዎ” አሉ። “እኔ ሁልጊዜ ልናገር ይላል፣ ከዚያ ይፈራል። አባትሽ በጣም ደስ ይላታል በዚያ ጽሕፈት። ዛሬ ልንገራት፣ ነገ ልንገራት… ሁለት ዓመት ሆነ። እኔ ነኝ ማፈር ያለብኝ።”

ከዚያ፣ እኔን ለማጽናናት ይሁን ራሳቸውን፣ ስለ ቃሉ ይነግሩኝ ጀመር። በተሰባበረ አማርኛ ነው፤ እኔ ግን ሁሉንም ሰማሁ። እንግሊዝ፣ ጀርመን፣ ሆላንድ፣ ስዊድን፣ ቋንቋቸው የአንድ እናት ልጅ ነው። ዱሮ ቃሉ ለሁሉም አንድ ነበር፤ መስጠት፣ የተሰጠ ነገር፣ ሌላ ምንም የለበትም። እንግሊዞቹ ስጦታ ላይ አቆሙት። ስዊድኖች ጋ ያገባ ሰው ይባልበታል፣ አባት ልጁን ለባል ስለሚሰጥ፤ መርዝም ይባልበታል። ሆላንዶች ስጦታውንም መርዙንም ከዚያው ነው ያወጡት። ጀርመኖችም ሙሽራ ከአባቷ ቤት ይዛ የምትሄደውን ሀብት በሚጠሩበት ረዘም ያለ ቃል ውስጥ የዱሮው ትርጉም አሁንም ተቀምጧል።

“ታዲያ መርዙ ከየት መጣ?” አልኳቸው።

“ሐኪሞች መድኃኒት ለክተው ሲሰጡ፣ ‘የተሰጠ’ ይሉት ነበር፤ ከግሪኮች የተማሩት ነው። ሰዎች ደግሞ መርዝ ብለው ስሙን መጥራት ይፈራሉ። ‘የተሰጠው ነገር’ ይላሉ፣ ዝቅ አድርገው። ብዙ ዘመን ዝቅ አድርገው ሲሉት፣ ጥሩው ትርጉም ሞተ፣ መጥፎው ቀረ።”

እኛስ ምን እንላለን ብዬ አሰብኩ። “መረዙት” አንልም፤ “አበሉት” ነው የምንለው። ራሷን ያጠፋችዋን ልጅ “መድኃኒት ጠጣች” እንላለን። የሚያድነውንም የሚገድለውንም በአንድ ስም። ወይዘሮ አስካለም ባላቸውን “አበሉት” ሲሉ የሚጠሩት ቃል እናቴ እሑድ ዕለት ያደረገችውን ነው፤ አበላቻቸው። ይህን ሁሉ ባውቅም ኀፍረቴ አልቀነሰም። እንዲያውም ባሰብኝ። ቃሉ ንጹሕ ነበር፣ አባቴም ንጹሕ ነበር፤ የሚያፍር ሰው ግን ጠፍቶ እኛው አፈርን።

ለአባቴ የነገርኩት በማግሥቱ ሱቁ ውስጥ ነው። መስቀል ይወለውል ነበር። ጌታቸው ያለኝን፣ ፍራው ኤልዛ ያሉኝን ሁሉ ነገርኩት። ሲሰማኝ ጨርቁን አላቆመም። ስጨርስ፣

“አሰፋ ያውቅ ነበር?” አለኝ።

“ያውቃል።”

“ፎቶ ሲያነሡኝም እየሳቁብኝ ነበር?”

ዋሽቼ ልመልስለት ፈልጌ ነበር። “አዎ አባዬ” አልኩት።

መስቀሉን ቦታው ላይ መለሰው። ባርኔጣውን አነሣ፤ ግን አላደረገውም፤ ውስጡን እያየ ቆየ። ከዚያ “እናትሽ እንዳትሰማ” ብሎ፣ መልሶ ደግሞ፣ “ለነገሩ ሁሉንም የቀመሰችው እሷ ናት” አለ።

በነጋታው ረፋድ ላይ መሰላል ተውሶ መጣ። ሠራተኛ እንጥራ ስለው እንቢ አለኝ። ካፖርቱን ለብሶ፣ ባርኔጣውን አድርጎ፣ ራሱ ወጣ። እኔ መሰላሉን ያዝኩ። ሰው መቆም ጀመረ። ከካፌው አንዱ፣ “መርዜ፣ ቀለም ልትቀይር ነው?” አለው። አባቴ ምስማሩን መንቀሉን ቀጠለ። በዚህ መሃል አሰፋ እንግዶቹን አስከትሎ ደረሰ። ፈረንጆቹ ካሜራቸውን አወጡ። አሰፋ ከአባቴ ፊት ላይ አንድ ነገር አንብቦ ነው መሰለኝ እጁን ዘርግቶ አስቆማቸው።

“አሰፋ” አለው አባቴ ከላይ። “ጀርመንኛ ለመማር ስንት ጊዜ ፈጀብህ?”

“ጋሼ…”

“እኔ እዚህ ስመጣ አማርኛ አላውቅም ነበር። ገበያ ላይ ቃል በተሳሳትኩ ቁጥር ይስቁብኛል። በጣም ይስቁብኝ ነበር። ሲስቁብኝ ግን ስህተቴን ይነግሩኝ ነበር።”

አሰፋ እንግዶቹን እዚያው ትቷቸው መጣና መሰላሉን በሌላው ጎን ያዘ። ቆርቆሮው ሲወርድ እሱ ነው የተቀበለው። ጃኬቱ ላይ ዝገት ተጋባበት፤ አላራገፈውም። እኔም እሱም አንተያይም ነበር።

እሑድ አባቴ ከነፍስ አባታችን ጋር አምስት ኪሎ ሄዶ ነገሩን ለወይዘሮ አስካለ ከሥር ከመሠረቱ አስረዳቸው። በአክብሮት ሰሙት። “ገብቶኛል፤ በእርስዎ ላይ ክፉ አላስብም” አሉት። “ልጄን አልከለክለውም። እኔ ግን ሆዴ አንዴ ፈርቷል። ከልጅዎ እጅ መብላት እንዳያስገድዱኝ።” አባቴ ቤት ሲመለስ ቃል በቃል ነገረኝና፣ “አንቺ እንዳልሽ” አለኝ። ጌታቸውን ሰባ ደረጃ ላይ አግኝቼ የማይሆን መሆኑን ነገርኩት። ለመነኝ። ቤት ለብቻ እንከራያለን አለኝ። በዓል ሲመጣስ አልኩት። ልጅ ስወልድ እናትህ የምትበላውን ገንፎ ማን ያገነፋዋል አልኩት። ሲያለቅስ ሰው እንዳያየው ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ፤ እኔ ወደ ታች ወረድኩ። ከዓመታት በኋላ ሌላ ሰፈር፣ ስለ ሱቁም ስለ ስሙም ምንም የማያውቅ ደግ ሰው አገባሁ። እንዳያውቅም ፒያሳ እንሂድ ሲለኝ ሁልጊዜ ራሴን ያመኝ ነበር።

ታፔላው ወረደ፤ ስሙ ግን አልወረደም። አሰፋ ራሱ እየዞረ “ተዉ፣ ሽማግሌውን እንዲህ አትበሉ” ቢልም ያወጣውን ስም መልሶ ማስገባት አልቻለም። ልጆች ያድጋሉ፣ መርዜ ብለው ያድጋሉ፤ ለምን እንደሆነ የሚያውቅ እያነሰ ሄደ፣ ስሙ ብቻ ቀረ። አባቴም ሲጠሩት ባርኔጣውን ብድግ ማድረጉን አልተወም። አንድ ቀን ለምን እንደሚመልስላቸው ጠየቅኩት። “ሌላ ስም አያውቁልኝም፤ ሰላም እያሉኝ ዝም ልበላቸው?” አለኝ። ግን ከዚያ ወዲህ ቡናውን የሚጠጣበትን ካፌ ለውጦ ነበር። ወደ ቤት ሲመለስም ዋናውን መንገድ ትቶ በጓሮ በኩል፣ ጭቃውን እየዘለለ ነበር የሚሄደው። ጊዜው ሲለወጥ ፈረንጆቹ ቀሩ፣ ካሜራዎቹ ቀሩ፣ የሰፋ ሱሪ ቀረ። ሱቁ ታፔላ እንደሌለው ኖሮ ታፔላ እንደሌለው ተዘጋ። ፍራው ኤልዛም ወደ አገራቸው ሲመለሱ ለአባቴ የብር ማንኪያ ሰጥተውት ሄዱ። ስጦታ ነው አላሉትም። እጁ ላይ አስቀምጠውለት ወጡ።

አባቴ የሞተው በክረምት ነው። ጠዋት የእድራችን ጥሩንባ ነፊ በየመንደሩ ዞረ። እኔ ከእናቴ ቤት ደጃፍ ላይ ቆሜ እሰማዋለሁ። “አቶ ወልዴ አርፈዋልና ለቀብር ውጡ” ይላል። ድንኳኑ ተተክሏል፤ አግዳሚዎቹ ተደርድረዋል፤ የተቀመጠው ሰው ግን ዘመዶቻችንና ጥቂት የእድር ሽማግሌዎች ብቻ ናቸው። ከፊት ለፊት ቤት አንዲት ሴት መስኮት ከፍታ፣ “አቶ ወልዴ ደግሞ የትኛው ናቸው?” ስትል ሰማሁ። “እንጃ፣ ከታች ሰፈር ይሆናሉ” አላት ከውስጥ አንድ ሰው። ከእኛ በር ሃያ እርምጃ እንኳ አይርቅም። እናቴ ከቤት ሆና፣ “ሰው አልመጣም እንዴ?” ብላ አስጠየቀችኝ።

ነጠላዬን ተከናንቤ ጥሩንባ ነፊውን ተከትዬ ሄድኩ። ሽማግሌ ነው፤ እሱም የአባቴን ትክክለኛ ስም ከእድሩ ጸሐፊ ነው የተቀበለው። እጅጌውን ያዝኩት።

“መርዜ በላቸው” አልኩት።

“እንዴት ልጄ፣ በለቅሶ?”

“በላቸው።”

ጥቂት አየኝ። ከዚያ ጥሩንባውን ነፋ፤ “መርዜ አርፏል፣ መርዜ አርፏልና ውጡ” አለ። አነጋገሩን አላከበረውም፤ በዚያ ስም “አርፈዋል” ማለት ሳይከብደው አልቀረም። በሮች ተከፈቱ። ያቺ ሴት ነጠላዋን እያጣፋች ባዶ እግሯን ወጣች። የወርቅ ቤቶቹ ሰዎች በራቸውን ዘግተው መጡ፤ የካፌዎቹ አስተናጋጆች ከነሽርጣቸው መጡ። ድንኳኑ ሞልቶ ሰው መንገዱ ላይ ቆመ። አሰፋ ከእድር ቤት አግዳሚ ተሸክሞ ይመላለስ ነበር፤ ፀጉሩ ሸብቷል፤ እንባውን በትከሻው ይጠርጋል።

እናቴ ጓዳ ነበረች። ስገባ ራስዋን ቀና አደረገች።

“ማን ነው እንዲህ በል ያለው?”

“እኔ ነኝ።”

ብዙ አየችኝ። ትቆጣኛለች ብዬ ጠበቅኩ። “ሰው መጣ?” አለችኝ።

“መጣ።”

“እንግዲያው ይሁን” አለችና ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች።

ከውጭ ሴቶቹ ደረታቸውን እየመቱ፣ “መርዜዬ፣ ደጉ መርዜዬ” እያሉ ያለቅሱ ነበር። ወጥቼ አብሬያቸው ማልቀስ ነበረብኝ። አፍሬ ከቤት ሳልወጣ ቆየሁ።